ሊሙ፣ ፓላስ፣ ራዲያንት፦ የኮርቴቫ ሦስት ዕቃዎች በጣና ዙሪያ ማሳ ሲመዘኑ

ባሕር ዳር አንዱ የግብርና ግብዓት መደብር ገብቶ «ጥሩው የቱ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ገበሬ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ውዱ። ውዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከታላላቆቹ የዘርና የኬሚካል ኩባንያዎች የአንዱ ምርት ነው። እዚህ የምንመዝነው የአንዳቸውን፣ የኮርቴቫን፣ ሦስት ዕቃዎች ነው፤ ሊሙ የተባለውን የበቆሎ ዘር፣ ፓላስ 45 ኦዲ የተባለውን የስንዴ ፀረ አረም፣ ራዲያንት 120 ኤስሲ የተባለውን ፀረ ተምች።

እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ፍርዱን ከላይ እናስቀምጠው። ሊሙ ዩሪያ ለማይነፍገው ገበሬ ዋጋውን ያወጣል፤ ማዳበሪያ ላጠረው ግን ትርፍ ወጪ ነው። ፓላስ ከሦስቱ ምርጡ ዕቃ ነው፤ በአያያዝ ጉድለት ስሙ የሚጠፋውም እሱ ነው። ራዲያንት ይሠራል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ትሉ ካደገ በኋላ መሆኑ ነው።

ኮርቴቫ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ቤቱ አሮጌ ነው። የዘሩ ወገን ፓዮኒር ነው፤ ሄንሪ ዋላስ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ያቋቋመው። (ሰውየው ኋላ የአገሩ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ በቆሎ አዳቅሎ እዚያ የደረሰ ብዙ ሰው የለም።) ፓዮኒርን የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1999 ጠቀለለው፤ ዱፖንትና ሌላው የኬሚካል ኩባንያ ዳው እ.ኤ.አ. በ2017 ተዋሐዱ፤ የሁለቱ የእርሻ ክፍል ተነጥሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮርቴቫ ተባለ። ፓላስና ራዲያንት ከዳው በኩል የመጡ ናቸው። ኮራጅን የተባለው ታዋቂ ፀረ ተምች ደግሞ የዱፖንት ነበር፤ ለውሕደቱ ፈቃድ ሲባል ለኤፍኤምሲ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኮርቴቫ ራሱ ዘሩንና ኬሚካሉን ለሁለት ኩባንያ እንደሚከፍል አስታውቋል። ይህ ሁሉ ለገበሬው የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው የኩባንያ ስምና አርማ ይቀያየራል፣ ከንግድ ስሙ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ግን አይቀየርም። ፓላስ ላይ ፓይሮክስሱላም፣ ራዲያንት ላይ ስፒኔቶራም፣ ኮራጅን ላይ ክሎራንትራኒሊፕሮል። ባለመደብሩ «ይኸም ያው ነው» ሲል መታየት ያለበት ያ መስመር ነው።

ወደ ሊሙ። የመዝገብ ስሙ ፒ3812ደብሊው ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተለቀቀ ድቅል በቆሎ ነው። ከሱ በፊት የወጣው ሾኔም የዚሁ ቤት ነው። ጂኤምኦ (በቤተ ሙከራ ዘረ መሉ የተለወጠ) ነው እየተባለ የሚወራው ልክ አይደለም፤ በተለመደው መንገድ ወላጆቹን አዳቅሎ የተገኘ ነው። የሚፎካከረው ከባኮ ምርምር ከወጡት ከቢኤች ዝርያዎች ጋር ነው፤ እነሱን በክልላችን በብዛት የሚያባዛው የአማራ ምርጥ ዘር ኢንተርፕራይዝ ነው። በተለይ ከቢኤች 661 ጋር ማወዳደር ተገቢ ነው፤ በሜጫም በባሕር ዳር ዙሪያም ገበሬው የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነውና።

ቢኤች 661 ረጅም ነው፤ ለመድረስም 160 ቀን ያህል ይፈልጋል። ግንቦት 20 የተዘራ ጥቅምት 25 አካባቢ ይደርሳል፤ ፍሬውን የሚሞላው መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ሰኔ 10 የተዘራው ግን እስከ ኅዳር አጋማሽ ይጎተታል፤ ዝናቡ በጊዜ ከወጣ የበቆሎው ራስ ጫፉ ባዶ ይቀራል። ሊሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቁመቱም አጠር፣ ራሱን የሚይዝበትም ቦታ ዝቅ ያለ ስለሆነ በነሐሴ ነፋስ ብዙም አይጋደምም። ዝናብ ዘግይቶ የገባበት ዓመት ላይ፣ ወይም በቆጋ መስኖ ሥር ሆኖ ከበቆሎው ቀጥሎ ስንዴ ለሚዘራ ሰው፣ ይህ ልዩነት ከምርቱ ብዛት በላይ ዋጋ አለው። በግንቦት መዝራት የቻለና ጥልቅ ቀይ አፈር ያለው ግን በቢኤች 661 እኩል ሊያመርት ይችላል፤ ዘሩም ይረክሰዋል። ሌላም ነገር አለ፤ አገዳ። ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ የሚፈልገው ቤተሰብ ከሊሙ የሚያገኘው አገዳ ያንሳል። የኩባንያ በራሪ ወረቀት ላይ ይህ ሲጻፍ አይታይም፤ የገበሬው ሚስት ግን መጀመሪያ የምታነሣው ይህንን ነው።

የዋጋውን ነገር በስሜት መወሰን አያስፈልግም። የአንድ 12.5 ኪሎ ሊሙ ዋጋ ላይ የአንድ 12.5 ኪሎ ቢኤች ዋጋ ቀንሱ፤ ቀሪውን ለአንድ ኪሎ በቆሎ ዋጋ አካፍሉት። የምትጠቀሙበት ዋጋ የኅዳሩና የታኅሣሡ ይሁን፤ የሐምሌው ያታልላል። የሚገኘው ቁጥር ያ 12.5 ኪሎ ከሚዘራበት ሁለት ጥማድ (ጥማዱን ሩብ ሄክታር ይዘን ነው) በተጨማሪ ሊገኝ የሚገባው የበቆሎ ኪሎ ነው። በእኛ ግምት ቁጥሩ ከአንድ ኩንታል በታች ከሆነ ሊሙን መውሰድ ያዋጣል፤ በላይ ከሆነ ልዩነቱን ዩሪያ መግዛት ይሻላል።

የምክሩ ዘር ልክ በሄክታር 25 ኪሎ ነው፤ ለጥማድ 6.25 ኪሎ። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ገንዘብ ያድናል። በመሥመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በጉድጓዶች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ከተያዘ አንድ ጥማድ 11,100 ገደማ ጉድጓድ ይወጣዋል። አንድ ሺህ ፍሬ 300 ግራም የሚመዝን ከሆነ 6.25 ኪሎው ወደ 20,800 ፍሬ ነው፤ ማለትም በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ጥሎ ኋላ አንዱን ለመንቀል የታሰበ ነው። በውድ ዋጋ የተገዛን ዘር ዘርቶ ግማሹን መንቀል ግን የልብ አይደለም። ብዙ ሰው አይነቅለውምም፤ ሁለቱ ተሻምተው ቀጫጭን ሆነው ያድጋሉ፣ ገበሬውም «ዘሩ ደካማ ነው» ይላል። የሚሻለው አንዱን ጉድጓድ አንድ፣ ቀጣዩን ሁለት እያሉ መጣል ነው፤ በዚያ ስሌት 5 ኪሎ ይበቃል። አንዱ ያልበቀለበትን ጎረቤቱ ያካክሳል። ሳምንት ካለፈ በኋላ በባዶው ጉድጓድ መልሶ መትከል ግን ድካም ብቻ ነው፤ በታላላቆቹ ጥላ ሥር ተውጦ ይቀራል።

ይህን ለማድረግ ግን ብቅለቱን ማወቅ ያስፈልጋል። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሉ፣ በየቀኑ ውኃ እርከፍከፍ እያደረጋችሁ ቤት ውስጥ አቆዩ፣ በሰባተኛው ቀን ጤናማ ሥርና ቡቃያ ያወጣውን ቁጠሩ። 90 እና በላይ ከሆነ ከላይ የተባለው ዘዴ ይሠራል። ከ85 በታች ከሆነ ሁለት ሁለት ጣሉ። ከ70 በታች የሆነን ዘር መዝራት ሳይሆን መመለስ ነው፤ ስለመመለስ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ፍተሻውን ከመዝሪያው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማድረግ ይገባል። ዝናቡ ከገባ በኋላ የተፈተሸ ዘር የትም አይመለስም።

ጥልቀቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በማረሻ ትልም ውስጥ ጥለው በሚቀጥለው ትልም አፈር ሲከድኑት ዘሩ ከአንድ ስንዝር ብዙ ያልራቀ ጥልቀት ውስጥ ይገባል፣ ቡቃያው ጉልበቱን ጨርሶ ይወጣል ወይም አይወጣም። ትልሙን ከቀደዱ በኋላ በእጅ ወይም በእግር አፈር መመለስ ጊዜ ቢወስድም ዘር ያድናል። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ሲባጎ እና 75 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ዱላ ካለ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ዩሪያ ላይ አንደራደርም። ሊሙ ያለ ናይትሮጅን ተራ በቆሎ ነው። በሄክታር 200 ኪሎ ዩሪያ ከተያዘ ለጥማድ አንድ 50 ኪሎ ከረጢት ማለት ነው፤ ከፊሉ በዘር ወቅት፣ የበዛው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ያውም ከአረሙ በኋላ። ከግንዱ አንድ መዳፍ ራቅ ብሎ በአፈር መሸፈን አለበት። ላይ ላይ የተበተነውን የሐምሌ ዶፍ ይዞት ወደ ግልገል ዓባይ ይወርዳል። ቀይ አፈራቸው አሲዳማ የሆነ የሜጫና የአካባቢው ማሳዎች ደግሞ ኖራ ካላገኙ የኤንፒኤስ ማዳበሪያው ፎስፈረስ አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቡቃያው ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ከለወጠ ምልክቱ ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ማሳ ዘር መቀየር የመጨረሻው መፍትሔ ነው።

አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ «ከዘንድሮው በቆሎ መርጬ ለከርሞ ብዘራውስ?» ድቅል ዘር ላይ አይሆንም። የመጀመሪያው ዓመት ሰብል ሁሉም አንድ የሚመስለው ሁለት የተለያዩ ወላጆች ስላሉት ነው፤ ፍሬው ተመልሶ ሲዘራ የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል። አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ የሚያብብ ማሳ ይሆናል፤ ምርቱም ይወርዳል። የኩባንያው ንግድ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ገበሬው በየዓመቱ ይመለሳል። ለቢኤችም ያው ነው። መመለስ የማይፈልግ ሰው ማየት ያለበት ድቅል ያልሆኑትን፣ በነፃ የሚዳቀሉትን ዝርያዎች ነው።

ከመከር በኋላ ያለው ነቀዝ ነው። ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በቆሎው መድረቁን ለማወቅ በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፤ እስከ ጠርሙሱ ሲሦ ፍሬ ሙሉበት፣ ደጋግማችሁ ወዝውዙና ጥቂት አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና ነው። ከደረቀ በኋላ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ የፒክስ ከረጢት ከታሰረ መድኃኒት አያስፈልገውም። በተናጠል እየተቆጠረ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ጭራሽ መግባት የለበትም።

አሁን ፓላስ። ይህ ፀረ አረም ስንዴ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በእጅ የማይሠራ ነው፤ ሲናርን ይገድላል፣ ብዙ ቅጠለ ሰፋፊ አረሞችንም ጨምሮ። ሲናር ከስንዴ ጋር አብሮ በቅሎ እስኪያሽት ድረስ ስንዴ ይመስላል፤ አራሚው ሳያውቅ ይተወዋል፣ አንዳንዴም ስንዴውን ነቅሎ ሲናሩን ያተርፋል። ለይቶ ለማወቅ ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ስንዴ እዚያ ላይ ግንዱን የቆነጠጡ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት። ሲናር ጆሮ የለውም፤ በምትኩ ነጭ፣ ስስ፣ ቆም ያለ ሽፋን አለው። ልጅም ቢሆን አንድ ጊዜ ካዩት አይሳሳቱትም።

መጠኑ በሄክታር ከ0.4 እስከ 0.5 ሊትር ነው፤ በ200 ሊትር ውኃ። ስንዴው ከሦስት ቅጠል ጀምሮ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ይረጫል፤ በአብዛኛው ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ማለት ነው። በ0.5 ሊትሩ ስሌት ለጥማድ 125 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ለባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ 40 ሚሊ ሊትር። መጠኑን በቆርኪ፣ በሲኒ ወይም «በዓይን» መስፈር ዕቃውን ማቃጠል ነው። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ገዝቶ ለዚሁ ብቻ መመደብ ከሁሉ ይረክሳል።

ነገር ግን 40 ሚሊ ሊትሩ ልክ የሚሆነው ረጪው በእርግጥ በሄክታር 200 ሊትር የሚያወጣ ከሆነ ነው። ይህን የሚፈትሽ ሰው እምብዛም ነው፤ ሥራው ግን የሩብ ሰዓት ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት በካስማ ለዩ። መርጫው ውስጥ የታወቀ ልክ ንጹሕ ውኃ ጨምሩ፣ ሁልጊዜ በምትረጩበት እርምጃና ግፊት ያንን ቦታ ርጩ፣ የቀረውን ቀድታችሁ ለኩ። 2 ሊትር ከሄደ 200 ሊትር በሄክታር ነው። 3 ሊትር ከሄደ 300 ነው፤ ያን ጊዜ በ16 ሊትሩ የሚገባው 40 ሳይሆን 27 ሚሊ ሊትር ነው። አፉ ያረጀ ኖዝል ውኃ ያበዛል፤ ያንን ሳያውቅ 40 የጨመረ ሰው የልኩን አንድ ተኩል እጥፍ ረጭቷል፣ ገንዘቡንም ስንዴውንም ጎድቷል።

ስሙ ላይ ያለው ኦዲ ትርጉም አለው። መድኃኒቱ በዘይት ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ዱቄት ነው እንጂ የሟሟ ፈሳሽ አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳይወዘወዝ ለሦስት ገበሬ የተከፋፈለ ጠርሙስ ላይ የሚሆነውን አስቡት፤ የመጀመሪያው ዘይት ይወስዳል፣ ሲናሩ ይስቅበታል፤ የመጨረሻው ዝቃጩን ይወስዳል፣ ስንዴው ይቢጫል። ሁለቱም «ፓላስ ድሮ ቀረ» ይላሉ። ከመክፈት በፊት ጠርሙሱን ገልብጦ ታቹ ላይ የተጣበቀ ነገር እስኪጠፋ መወዝወዝ፣ መርጫውን እስከ ግማሽ ውኃ ሞልቶ መድኃኒቱን መጨመር፣ አማስሎ ቀሪውን ውኃ መሙላት ነው።

ቀጥሎ ትዕግሥት። ፓላስ አረሙን አያቃጥልም፤ ዕድገቱን ያቆመዋል። ሲናሩ ባለበት ይቆማል፣ ቀስ ብሎ ይቢጫል ወይም ይቀላል፣ ለመሞት እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ ደግሞ መርጨት የሚጎዳው ስንዴውን ነው። ስንዴው ራሱ ውኃ በተኛበት ወይም ብርድ በመታው ማሳ ለጥቂት ቀን ብጫ ሊል ይችላል፤ ይመለሳል። ጤፍ ላይ የሚረጩትም ጥቂት አይደሉም። ጤፉ ቀጭን ነው፣ ስህተት አይሸከምም፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ከማሳው ጥግ ላይ ሞክሮ ማየት ይበጃል።

ከ2፣4-ዲ (ከቅጠለ ሰፋፊ አረም ማጥፊያው) ጋር በአንድ ታንክ ቀላቅሎ መርጨት ጉልበት የሚቆጥብ ይመስላል፤ ሲናሩ ላይ ያለውን ኃይል ግን ያዳክመዋል። ፓላስን በየዓመቱ በዚያው ማሳ ላይ መደጋገምም ሌላ ዕዳ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በአረሙ ውስጥ አንድ ቦታ መትቶ ነው፤ ከዚያ ያመለጡት ጥቂት ሲናሮች ዘራቸውን ይጥላሉ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳው የነሱ ይሆናል። አንድ ዓመት ስንዴውን በሽምብራ ወይም በባቄላ መቀየር፣ ወይም በሌላ መንገድ የሚሠራ እንደ አክሲያል ያለ የሣር አረም ማጥፊያ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የመርጫው አጠባ። የፓላስ ጥቂት ቅሪት በርበሬና ቲማቲም ለመጉዳት ይበቃል። በቆጋ ስንዴና አትክልት ጎን ለጎን በሚበቅልበት፣ አንድ መርጫ ለሦስት ጎረቤት በሚያገለግልበት ሁኔታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውኃ ሞልቶ በኖዝሉ ማስወጣት፣ በዱቄት ሳሙና ማጠብ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ። አቅም ካለ ለአረም ብቻ የሚሆን መርጫ ይዞ ታንኩ ላይ በቀይ ቀለም «አረም» ብሎ መጻፍ።

ራዲያንት አጭር ነው። መጤው ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ከታየ ወዲህ የበቆሎ ወጪ ላይ አንድ መደብ ጨምሯል። ስፒኔቶራም ዘሩ ከአፈር ባክቴሪያ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ስፒኖሳድ የተገኘበት አፈር የተቀዳው ካሪቢያን ውስጥ ከተዘጋ የሩም አረቄ ፋብሪካ ግቢ ነው። ትንሹን ትል በደንብ ይገድላል። ትልቁ ግን በቆሎው እምብርት ውስጥ በራሱ ኩስ መሰኪያ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ምንም ውድ መድኃኒት ቢሆን አይደርስበትም። ስለዚህ ሥራው ፍተሻ ነው፤ ማሳውን በእባብ አካሄድ እየዞሩ አምስት ቦታ ሃያ ሃያ አገዳ ማየት። በቆሎው ገና ሳለ ከ100 ውስጥ 20 አዲስ የተበላ ቅጠል ካለው መርጨት፤ ካደገ በኋላ እስከ 40 መጠበቅ ይቻላል። አመሻሽ ላይ፣ ኖዝሉን ወደ እምብርቱ አዙሮ። ዳግም መርጨት ካስፈለገ ምድቡን፣ ማለትም የሚሠራበትን መንገድ፣ መለወጥ ይገባል፤ መለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ራዲያንት 5፣ ኮራጅን 28፣ ካራቴ የተባለው ሌላው ፀረ ተባይ 3 ነው። አምፕሊጎ የተባለው ደግሞ የ28ና የ3 ቅልቅል ስለሆነ ከኮራጅን ቀጥሎ እሱን መርጨት ለውጥ አይደለም።

አመሻሽ ያልነው ለንብም ነው። ራዲያንት እርጥብ ሳለ ንብ ይገድላል፤ በመስከረም ኑግ ባበበበት አካባቢ ጠዋት የተረጨ ማሳ ቀፎ ባዶ ያደርጋል። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ለሚያርሱ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እንደ ካራቴ ያሉት ፓይሬትሮይዶች ለዓሣ እጅግ መርዝ ናቸው። መርጫ ጣና ዳር፣ ዓባይ ወይም ጉማራ ውስጥ ማጠብ ማለት ቀረሶውንና አምባዛውን እዚያው መርጨት ነው። እጣቢው ወደ ተረጨው ማሳ ይመለስ። ወንዝ ካነሣን አይቀር፤ የሐምሌን ድፍርስ ውኃ ቀድቶ ራውንዳፕ ወይም ሌላ የግላይፎሴት ፀረ አረም መበጥበጥ ከንቱ ነው፣ መድኃኒቱ ከጭቃው ጋር ይጣበቃል። የጉድጓድ ወይም የጣራ ውኃ ይሻላል።

ግዢው ላይ የሚታዩ ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን የሚታለፉ አይደሉም። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ኬሚካል ርካሽም ቢሆን አይገዛም፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀዳው ብቻ ነው፣ ልጅም ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። የታሸገው ላይ የክዳኑ ማኅተም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይታይ። የዘር ከረጢት ስፌቱ የፋብሪካ መሆኑን፣ በውስጥም በውጭም ካርድ መኖሩን፣ ካርዱ ላይ የዝርያ ስም፣ የሎት ቁጥር፣ የብቅለት መቶኛና የተፈተሸበት ቀን መጻፉን ማየት። ዘሩ በመድኃኒት የተቀባ ነው፤ ታጥቦ አይቆላም፣ ለዶሮ አይሰጥም፣ ከረጢቱም እህል አይያዝበትም።

መመለስን በተመለከተ፤ ቅሬታ የሚሰማው ማስረጃ ሲኖር ብቻ ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ካርዱን ከማሳ መልስ አትጣሉት፤ ከእያንዳንዱ ከረጢት አንድ ጭብጥ ዘር በወረቀት ጠቅልላችሁ የሎት ቁጥሩን ጽፋችሁበት ልጆችና ዶሮዎች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ብቅለቱ ከወደቀ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማሳውን ቡቃያው ገና ሳለ መጥቶ እንዲያይና እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። በነሐሴ የቀረበ የብቅለት ቅሬታ ላይ ሻጩም አምራቹም «ዝናቡ ነው፣ ጉንዳን ነው፣ ጥልቀቱ ነው» ለማለት ሙሉ መብት አላቸው፤ ያ በወረቀት የተጠቀለለ ጭብጥ ዘር ግን በማንኛውም ቀን እንደገና በረጠበ ጆንያ ሊበቅል ይችላል።